ባልየው ከሳውዲ ሲመለስ

ደሴ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሰው "ሲስተር" ይለኛል። ብዙው ወደ እኔ ክፍል የሚገባው ግን ለማንም ያልተናገረውን ሊናገር ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ባል ወይ ሚስት ዓመታት ቆይተው ይመጣሉ። በግ ይታረዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሳምንት ሳይሞላ ሚስትየዋ እኔ ፊት ቁጭ ብላ የሻርፗን ጫፍ እያፍተለተለች "ሲስተር፣ ሽንቴን እያቃጠለኝ ነው" ትላለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፦ "ይዞብኝ መጥቶ ይሆን እንዴ?"

ባልየው በር ላይ ቆሟል። እሱም በበኩሉ "እኔ በሌለሁበት ምን ነበር?" እያለ ያወጣል ያወርዳል። አይጠያየቁም። የሚጠየቀው እኔ ነኝ።

እኔ ሽማግሌ ከመጠራቱ በፊት ሽንት ይመርመር ባይ ነኝ። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከማንም የተጋባ አይደለም። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ አጭር ነው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የወንዱ ወደ 20 ይጠጋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአብዛኛው ኢ ኮላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሳችን አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። በግንኙነት ጊዜ ከአካባቢው ቆዳ ተገፍቶ ወደ ቧንቧው ይገባል። ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የተገናኙ፣ አዲስ የተጋቡም፣ ይህ ይደርስባቸዋል። ማንም ማንንም አልከዳም። ባልየው መድኃኒት መውሰድም አያስፈልገውም።

ስለዚህ ኮባያ እሰጣታለሁ። ከቤት በሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ አልቀበልም። መጀመሪያ የሚወጣውን ታፈስሰዋለች፣ የመሐሉን ትቀዳለች። የላብራቶሪው ልጅ ቀጭኗን የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ነክሮ ያወጣል። ናይትራይት፣ ማለትም የባክቴሪያ ምልክት፣ የሚያሳየው ሳጥን ሮዝ፣ ነጭ የደም ሴል የሚያሳየው ወይን ጠጅ ከሆነ፣ ሚስጥሩ ብዙውን ጊዜ ፊኛዋ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ጠብ ጠብ ማለት፣ ከእምብርት በታች ሕመም ካለ ታሪኩ ይገጥማል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ጎን ላይ ውጋት ከጨመረ ግን ኩላሊት ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ለነገ አይባልም።

ወይን ጠጁ ወጥቶ ባክቴሪያው ካልታየስ? ወይም ፈሳሽ፣ መጥፎ ሽታ፣ ቁስል፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ካለ? ያኔ የአባላዘር በሽታ ነገር ይነሳል። ክላሚዲያና ጨብጥም ሽንት ያቃጥላሉ። ስትሪፗ እነሱን አትለይም።

ወንድ ሲሆን ሌላ ነው። ወጣት ወንድ ሽንቱን አቃጥሎት፣ የውስጥ ልብሱ ላይ መግል መሳይ ነገር ካየ፣ እኔ መጀመሪያ የማስበው ጨብጥን ነው። እሱ ግን ሌላ ታሪክ ይዞ ይመጣል። "ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው።" ሌላው "ጨረቃ ፊት ለፊት ቆሜ" ይላል። አንዱን "ኧረ ወንድምዓለም፣ ድንጋዩ ምን በደለህ?" ብለው ራሱ ሳቀ። ሲስቁ ይቀለኛል፤ እውነቱ ቶሎ ይመጣል።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። "ሚስትህን ይዘሃት ና" ስለው "እሷማ ደህና ናት፣ ምንም አላላትም" ይላል። ሴት ጨብጥም ክላሚዲያም ይዟት ምንም ላይሰማት ይችላል። ሳይታከም ሲቆይ ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ጠባሳ ይዞ ልጅ እስከ መከልከል ይደርሳል። እሱ ብቻውን ታክሞ ቤት ከገባ ደግሞ ከእሷ መልሶ ይይዘዋል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታከማሉ፤ አንዴ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነም ከዚያ በኋላ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀባሉ። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራም አብሮ ይደረጋል።

"ማን አመጣው?" ለሚለው ላብራቶሪው መልስ የለውም። ክላሚዲያ ምልክት ሳያሳይ ወራት፣ ከዚያም በላይ፣ ይቀመጣል። ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት ገባ ማለት አይደለም። ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ፊታቸው ይፈታል፣ አንዳንዶቹ ይብስባቸዋል። እዚያ ላይ እኔም እጄ አጭር ነው።

አንዳንዱ ባል እሺ ብሎ ይዟት ይመጣል፤ ለእነዚያ ወንበር አስጠግቼ ለሁለቱም አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ግን ከእኔ ወጥቶ በቀጥታ ፋርማሲ ይገባል። "ለሽንት የሚሆን ሲፕሮ" ብሎ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይገዛል፤ ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደው ስንት ጊዜው ነው። ግማሹን ራሱ ይውጣል። ግማሹን ለሚስቱ "ቫይታሚን ነው" ብሎ ይሰጣታል፣ ነፍሰ ጡር ትሁን አትሁን እንኳ ሳይጠይቃት።