ዳዊት በሳምንት፦ የላቲኑን የሰዓታት መጽሐፍ ጣና ዳር ሆኖ ማንበብ

በላቲንና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተሙትን የቀድሞ የካቶሊክ የሰዓታት ጸሎት መጻሕፍት የሚያውቁ ጥቂት የባሕር ዳር ወዳጆቼ፣ መጽሐፉ የፈረንጅ መነኮሳት እንጂ የእኛ ነገር እንዳልሆነ ይነግሩኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዳዊት ሲደገም እየሰማ ላደገ ሰው፣ ዛሬ በሮም ሥርዓት በስፋት ከሚሠራበት አዲሱ መጽሐፍ ይልቅ ብሬቪያሪ የሚባለው አሮጌው የሰዓታት መጽሐፍ ይቀርበዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም የመዝሙራቱ አደላደል ነው።

ከካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ በ1568 ያወጡት የሮም ብሬቪያሪ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሌሊቱንና ቀኑን በስምንት ጸሎቶች ይከፍላል። 150ው መዝሙር በየሳምንቱ እንዲያልቅ ሥርዓቱ ቢያዝም፣ የቅዱሳን በዓላት እየበዙና የየራሳቸውን መዝሙራት እያስገቡ ስለሄዱ፣ ካህኑ ጥቂቶቹን እየደጋገመ ብዙዎቹን ሳያደርስ ዓመቱ ያልፍ ነበር። ፒዮስ 10ኛ በ1911 መዝሙራቱን እንደገና ያደላደሉት ይህን ለማቃናት ነው። ባሮኒየስ ፕሬስ በ2012 በሁለቱ ቋንቋዎች ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ ብሬቪያሪም ይህንኑ አደላደል ይከተላል፤ የሚሠራበትም ደንብ ዮሐንስ 23ኛ በ1960 ያወጁት ነው። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ በ1971 መታተም የጀመረው አዲሱ መጽሐፍ ግን መዝሙራቱን በአራት ሳምንት ላይ በተናቸው፣ ፕሪማ የሚባለውን የማለዳ ጸሎት አስቀረ፣ በያዙት የእርግማን ቃልም ምክንያት 57ኛውን፣ 82ኛውንና 108ኛውን መዝሙር ሙሉ በሙሉ አወጣቸው። ሥራ ለበዛበት ሰው አራት ሳምንት የሚቻል ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ከዳዊት ላይ ሦስት መዝሙር ተነሥቷል ቢሉት ግን የትኛው የአገሬ ዳዊት ደጋሚ ዝም ብሎ ይሰማል?

የእኛን ልማድ አንባቢ ያውቀዋል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ሙሉ ዳዊት በሳምንት ማለት ነው። መጽሐፉን ለሰፈራችን መሪጌታ ባሳየኋቸው ጊዜ ስለ ላቲኑ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ ዳዊቱ በስንት ቀን ነው የሚያልቅላቸው?» አሉኝ። «በሰባት ቀን ነው፣ የኔታ» ስላቸው፣ «እንግዲያው ደኅና ነው» ብለው መለሱልኝ። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ልዩነት የለም አልልም። እኛ መዝሙራቱን እንደ ቁጥራቸው ተራ ስንደግም፣ የ1911ዱ አደላደል ለየሰዓቱ ከፋፍሎ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ለእኛ ልማድ ይበልጥ ይቀርብ ነበር፤ የሌሊቱ ጸሎት ከ1 እስከ 108፣ የሠርኩ ከ109 እስከ 147 ያሉትን፣ ለሌሎች ሰዓታት ከተለዩት ጥቂቶች በቀር፣ በተራቸው ያደርስ ነበርና። በቁጥሩ በኩል ግን አንባቢው ምንም አይቸገርም። የላቲኑም የግእዙም መዝሙር ከሰብዓ ሊቃናቱ የግሪክ ትርጉም የወጡ ስለሆኑ ተሣሀለኒ በሁለቱም 50ኛ ነው፤ አሁን በየሱቁ የሚሸጠውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የሚያመሳክር ሰው ነው 51 ላይ አግኝቶት ግራ የሚጋባው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ የነቢያት ጸሎት ጉዳይ ነው። በእኛ ዳዊት መጨረሻ ላይ የተቀመጡት የሙሴ፣ የሐና፣ የሕዝቅያስ፣ የዕንባቆምና የሠለስቱ ደቂቅ ጸሎቶች በላቲኑ መጽሐፍ በየዕለቱ የነግህ ጸሎት ውስጥ ተሰክተው ይገኛሉ። የዘካርያስ ጸሎት ነግህ ነግህ፣ የእመቤታችን ጸሎት ማታ በሠርክ፣ የስምዖን ጸሎት ከመኝታ በፊት ይደርሳል። እኛ በአንድ ቀን የምናደርሰውን እነርሱ በሰዓቱና በቀኑ አከፋፍለውታል።

የመጽሐፉ አያያዝ ግን ልምምድ ይጠይቃል። ለአንድ የሠርክ ጸሎት አንዱን ሪባን በየዕለቱ በማይለወጠው ክፍል፣ ሁለተኛውን በዕለቱ መዝሙራት፣ ሦስተኛውን በወቅቱ ጸሎት፣ በዓል ከሆነም አራተኛውን በቅዱሳኑ ክፍል ላይ አኑሮ ከአንዱ ወደ ሌላው መገላበጥ ግድ ነው። መንገድ የሚያሳየው ቀዩ ቀለም ነው። በእኛ ብራና ቀዩ የቅዱሳንን ስም ሲያከብር፣ በዚህኛው «ተነሥ፣ ይህን ዝለል፣ ያንን ድገም» ይላል፤ ስለዚህ ቀዩን ጮክ ብሎ ማንበብ አይገባም። ወረቀቱ እጅግ ስስ በመሆኑ በክረምት የጣና እርጥበት ያጣጥፈዋል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ይህ ጸሎት ለጣና ዳር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1622 ጎርጎራ ላይ ያረፈው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝና ባልንጀሮቹ ኢየሱሳውያን (ጄስዊቶች) ነበሩ፤ ማኅበራቸው በኅብረት ቆሞ ሰዓታት የማድረስ ግዴታ ባይኖርበትም፣ እያንዳንዱ ካህን ብሬቪያሪውን ለብቻው ማድረስ ነበረበት። ከዚያ የተከተለውን ደም መፋሰስና የ1632ቱን የአፄ ሱስንዮስን አዋጅ ሁላችንም እናውቃለን፤ የላቲኑ መጽሐፍ በዚህ አገር በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም። የዛሬው የባሕር ዳር ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በ2015 ሲቋቋምም በግእዝ ሥርዓት ነው። እኔም ብሬቪያሪውን የማነበው ለግል ጸሎት ነው፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት ሰዓታት ያለን ሰዎች በላቲኑ እንተካው የሚል ሐሳብ የለኝም።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ሦስቱን ቅጽ በውድ ገንዘብ ከውጭ እንዲያስመጣ አልመክረውም። ትንሹ የእመቤታችን ሰዓታት በሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ይገኛል፤ ከሌሊቱ ጸሎት በቀር መዝሙራቱ በየቀኑ ስለማይለዋወጡ ቶሎ ይለመዳል፣ ውዳሴ ማርያም የሚያደርስ ሰውም መንፈሱን ወዲያው ያውቀዋል። ከዚያም ቢሆን በመኝታ ጸሎቱ ብቻ ይጀምር፤ መዝሙራቱ 128፣ 129 እና 130 ናቸው፣ ሦስቱም አጫጭር። ላቲኑን የማያውቅ ከሆነ እንግሊዝኛውን ብቻ እያየ ከመታገል፣ የግእዝ ወይም የአማርኛ ዳዊቱን በዚያው ቁጥር ገልጦ አጠገቡ ያስቀምጥ።