«ለልጅ ነው?»

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ፍላሼን ይዤ ፊልም ወደሚጭንልኝ ልጅ ሄድኩ። ሱቁ ከሐዋሳው ፒያሳ ብዙም አይርቅም። በሩ ላይ የስልክ ሽፋን ተንጠልጥሏል፤ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ማዳመጫ ከጆሮው የማይወርድ ወጣት አለ። የምፈልገውን ነገርኩት። የዘንዶው ፊልም፣ «ሀው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን»፣ ካርቱኑ፣ ክፍል አንድ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለልጅ ነው?»

«አዎ፣ ለእህቴ ልጅ።»

ውሸቴን ነው። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው፤ ካርቱን ከተወች ዓመት አልፏታል። እኔ 41 ዓመቴ ነው። መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሼ ለትልልቅ ሰዎች «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» እያልኩ ነው የምውለው። እዚያ የሚያውቀኝ ሰው ማታ ዘንዶ ሲበር እያየሁ እንደማለቅስ ቢሰማ መድኃኒቱን የሚመልስልኝ ይመስለኛል።

ልጁ ደግሞ ደግ ነው። «ለልጅ ከሆነማ ይሄንንም ልጨምርልሽ» ብሎ ሦስት ሌላ ጫነልኝ። ቤት ሄጄ ስከፍተው አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያስቆጥር ነው። የውሸት ዋጋ!

ሰበቤ ግን ድሮ እውነት ነበር። እህቴ ፈረቃ ስለምትሠራ ቅዳሜና እሑድ ልጅቷ እኛ ጋ ናት። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ የእኔና የእሷ ነበር። ፈንዲሻ እናፈነዳለን፣ መጋረጃ እንዘጋለን፣ አስማተኛም ይሁን ዘንዶ ወይም የሚያወራ ድብ፣ የመጣውን እናያለን። ከፊልሙ የተረፈውን ደግሞ ከተማው ላይ እንጨርሰዋለን። ታቦር ተራራ የተኛ ዘንዶ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ የሚቆሙት አባ ኮዳዎች ደግሞ ጠባቂዎቹ። አባ ኮዳን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ይሄ የልጅ ወሬ አይደለም። ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ከልጅ የሚረዝም ወፍ እጁን ወደኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ ቆሞ ሲያይህ፣ ይሄን ፊልም ሠሪ ፈጠረው ቢሉህ ታምናለህ።

አምና አንድ ቅዳሜ፣ ፊልሙ ገና መሃል ሳይደርስ፣ ስልኳን አንስታ ተነሳች።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ የሕፃን ነው።»

በሩን ዘግታ ገባች። እኔ ሪሞቱን ይዤ ቀረሁ። ላጥፋው? ልቀጥል? ቀጠልኩ። ድምፁን ግን ቀነስኩት።

ድምፁን መቀነሴ ነው ሲከነክነኝ የከረመው። ማን እንዳይሰማኝ ነው? ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ሴቶች ነን።

ሰበብ በቤታችን የቆየ ነገር ነው። ልጅ ሆነን አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲመጡ እኛ ከፊት ምንጣፍ ላይ እንደረደራለን፤ አባዬ ከኋላ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ይዘረጋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እኛ እንጮሃለን። አባዬ ዝም። «አንተም ታያለህ?» ስንለው «ዜና እየጠበቅኩ ነው» ይላል። ተረቱ ሲያልቅ ጋዜጣው ያው ገጽ ላይ ነው። ዜናው ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶታል። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉ ዕለት አባዬ ቀኑን ሙሉ ብዙ አልተናገረም። ማታ ላይ ብቻ «ደህና ተረት ያውቁ ነበር» አለ። «ዜና ስትጠብቅ አልነበር እንዴ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

አባዬም ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሰበብ የሚፈልገው የእኛ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያው መጽሐፍ ለንደን ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዓመቱ አሳታሚው ያንኑ መጽሐፍ ለአዋቂ በሌላ ሽፋን አወጣው፤ ረጋ ያለ፣ ባቡር ውስጥ ቢይዙት የማያሳፍር ሽፋን። ውስጡ ያው ታሪክ ነው። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም የእኔ ሙያ ነው። ያው መድኃኒት በሌላ ካርቶን ሲመጣ «ይሄኛው ይሻለኛል» የሚል ደንበኛ በየቀኑ አለኝ።

ቶልኪን የተባለው ደራሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ንግግር ሲያደርግ ስለዚህ ነገር ያነሳው አለ። ተረት ወደ ልጆች ክፍል የገባው ያረጀ ዕቃ ወደ ልጆች ክፍል በሚገባበት መንገድ ነው ይላል። ልጆቹ መርጠውት ሳይሆን ትልልቆቹ ስላልፈለጉት። ነገሩ ልክ ይመስለኛል፤ ግን ለእነሱ ቤት ነው ልክ። አያቴ ቤት የልጆች ክፍል የሚባል ነገር መቼ ነበረ? አንድ ክፍል ነው፣ አንድ እሳት ነው። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» የምንለው እኛ ብንሆንም፣ ጥጥ የምትፈትለው አክስቴም፣ እግሩን የሚታጠበው አጎቴም እዚያው ናቸው። ተረቱን ወዴት ያባርሩታል? አያ ጅቦ እመት ጦጢትን ሲያስፈራራ አጎቴ የሚስቅባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ እኛ ያልገባን። ስለ ሰፈሩ ሹም እንደነበር ያወቅኩት አድጌ ነው።

እንግዲህ ወደ ዘንዶው ልመለስ።

ፊልሙ የ2010 ነው፣ በፈረንጆቹ። ድራጎን የሚገድል መንደር ውስጥ የተወለደ ቀጭን ልጅ አንዱን ዘንዶ መትቶ ይጥለውና መግደል ያቅተዋል። መጀመሪያ ያየሁት በ26 ዓመቴ ነው፤ ያኔ የታየኝ መብረሩ ብቻ ነው። ደመናውን እየሰነጠቁ ሲወጡ ሆዴ ባዶ ሲሆን ትዝ ይለኛል። አሁን የማየው አባትየውን ነው። ትልቅ ጺማም ሰውዬ። ልጁን ይወደዋል፣ ግን ከልጁ ጋር ማውራት አይችልም። አንዴ ሊያዋየው ይመጣና ሁለቱም እኩል አፍ ይከፍታሉ። አንዴ ደግሞ የራስ ቁር ይሰጠዋል፤ ከእናቱ የጡት ጥሩር የተሠራ ነው። ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸዋል። በኋላ ተናዶ «ልጄ አይደለህም» ይለዋል። ይሄን ሁሉም ያስታውሰዋል። ከበሩ ከወጣ በኋላ እግሩ እንደሚከዳው ግን ማን ያስታውሳል? አንድ አፍታ ናት። እኔም በ26 ዓመቴ አላየኋትም።

ሌላው ጅራቱ ነው። ዘንዶው በወደቀ ጊዜ የጅራቱ የግራ ክንፍ ተቆርጦ ቀርቷል። ልጁ ከቆዳና ከብረት ሠርቶ ይገጥምለታል፤ ግን ካልነዳው አይበርም። መጨረሻ ላይ ልጁ የግራ እግሩን ያጣል። ለልጆች በተሠራ ፊልም! ከአልጋው ይነሳል፣ ይራመዳል፣ ሊወድቅ ሲል ዘንዶው ራሱን ያስደግፈዋል። ስብከት የለ፣ ብዙ ወሬ የለ። በስኳር ምክንያት እግራቸውን ያጡ ሰዎች መድኃኒት ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ከእኛ ከአዋቂዎቹ እንደዚያ አድርጎ የሚያያቸውን ብዙ አላየሁም።

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። የልጆች ከሚባሉት ፊልሞች ግማሹ ጫጫታ ነው፤ አሻንጉሊት ለመሸጥ የተሠራ፣ ሲያልቅ ራስ ምታት የሚተው። ይሄንኑ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 በእውነተኛ ሰዎች ደግመውታል። አየሁት። ክፉ አይደለም። ግን ያንኑ ወጥ በሌላ ሳህን ነው።

ቅዳሜ ማታ እንግዲህ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። እማዬ ሦስተኛውን ቡና ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ግድም የላትም።

«ይሄ ዘንዶ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጊዮርጊስ አልገደለውም እንዴ?»

«ይሄ ሌላ ነው እማዬ። ይሄ ጥሩ ዘንዶ ነው።»

«ዘንዶ ጥሩ የለውም» ብላ ፉት አለች።

ግን አልተነሳችም። ልጁ ለዘንዶው ዓሣ ሲሰጠው፣ ዘንዶው ግማሹን መልሶ ሲተፋለትና ልጁ በግዱ ጥሬውን ሲገምጥ «ውይ! እንደ አሞራ ገደል ሰው በዳጣ እንኳ ቢሆን» አለች። ሰይፍ ይዘው ሲመጡ «በለው!» አለች። ለዘንዶው ይሁን በዘንዶው ላይ አልገባኝም። ሦስት ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ አሸነፋትና ግማሹን ለእሑድ አሳደርነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ «አስቤበት ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዘንዶውን።»

ሴትየዋ ቅዳሴ ላይ ስለ ካርቱን ስታስብ ነው የዋለችው። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ አይደለም ወይ አለችኝ። ገደሉ መውጫ የለውም፤ ዛሬም ሰው በገመድ ነው የሚወጣው። ዘንዶው ታዞ ጅራቱን ሰጣቸውና ወጡ። «አቦስ?» ብላ ቀጠለች። «60 አንበሳና 60 ነብር ይዘው አልኖሩም?» ስለዚህ አውሬ ለደግ ሰው ይታዘዛል። ይሄ ላይ ከፊልሙ ጋር ተስማምታለች። አንድ ነገር ግን አልዋጥ ብሏታል። አባታችን ሲወጡ ዘንዶው እንዳይጎዳቸው መልአክ ሰይፉን መዞ ይጠብቃቸው ነበር።

«የዚህን ልጅ ዘንዶ ማን ሰይፍ ይዞ ጠበቀለት?»

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙን አሥር ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም። እኔ የጠየቅኩት ማየቴ ያሳፍራል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። እማዬ 70 ዓመቷ ነው፤ ለማን እንደተሠራ አንዴም አልጠየቀችኝም።

ማታ ቀሪውን ከፈትን። ትልቁ ዘንዶ ከተራራው ሆድ ሰብሮ ሲወጣ መብራት ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ ትንሽ ዝም አልን። ሻማ ፍለጋ ልነሳ ስል እማዬ «ቁጭ በይ፣ እኔ ልጨርሰው» አለች። ጀመረች። በእሷ ታሪክ ልጁ ይንበረከካል፣ ዘንዶው ጅራቱን ይዘረጋለታል፣ አባትየው በጅራቱ ተንጠልጥሎ ከባሕር ይወጣል፣ ትልቁ ዘንዶ ሆዱ ይተረተራል፣ መንደሩ ሁሉ ድግስ ይደግሳል።

«አይደለም እማማ!»

ከውስጥ ክፍል ነው። የስልኳን መብራት አብርታ መጣች፣ የሕፃን ነው ያለችው ልጅ።

«እንደሱ አይደለም። አባቱ ነው መጀመሪያ ዘንዶውን የሚያድነው። ጠልቆ ሰንሰለቱን ይፈታለታል። ይቅርታም ይለዋል ልጁን።» ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። በእጇ እየበረረች፣ በአፏ እሳት እየተፋች፣ አንዲት ነገር ሳትዘል ነገረቻት። እግሩ ላይ ስትደርስ ድምጿን ቀነሰች። እማዬ ከንፈሯን መጠጠች።

«ማንም ሰይፍ ይዞ አልጠበቀለትም?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«ማንም እማማ።»

«እንግዲህ ደፋር ልጅ ነው» አለች እማዬ። ትንሽ ቆይታ «ክፍል ሁለት የለውም?»

«አለው። ግን እሱ ላይ አባቱ ይሞታል።»

ዝም ተባለ። እማዬ በጨለማ ወደ እኔ ዞረች። «አይተሽዋል?»

«አላየሁትም» አልኩ።

ይሄኛውም ውሸት ነው።