ዴስኩን ማን ይረከብ?

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በርና መስኮት እንሠራለን። ጅማ ውስጥ እንጨት ሠራተኛ ብርቅ አይደለም፤ ባለሦስት እግር በርጩማችንን የማያውቅ የለም። አምና ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ተጨመረልኝ። ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አባል ሆኜ ተመረጥኩ። ወተመህ የምንለው ነው።

አመራረጡን ልንገራችሁ። ዝናቡ እየመጣ ነበር፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ለመግባት ቸኩሏል። አንድ አባት ከኋላ ተነስተው "እሱ ይሁን፣ ጨዋ ልጅ ነው" አሉ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ምን እንደምሠራ የጠየቀኝ የለም። ለትምህርት ቤቱ የምሸጠው ነገር ይኑር፣ ከመምህራኑ መካከል ዘመድ ይኑረኝ፣ ማንም አላነሳውም። እኔም አልተናገርኩም። ባልጠየቁኝ ነገር ምን አስለፈለፈኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። 60 ኮምባይን ዴስክ ተሰባብሯል፣ ለሁለት ልጅ በተሠራው ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። ገንዘቡ አለ። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም ካመጣልን ነገር አንዱ በተማሪ ቁጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ የሚላከው ድጎማ ነው፤ በምን ላይ ይዋል የሚለውን ወላጆች ያሉበት ኮሚቴ ይመክርበታል። ዕቅዱ ሲነበብ አንዱ አባል ወደ እኔ ዞሮ "አንተ እያለህ ውጭ ምን ያስኬደናል?" አለ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ያስፈልጋል ተባለ። "ሁለቱን ከጓደኞችህ ታመጣለህ" አሉኝ። ይህችን ነገር የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ሦስቱም ፕሮፎርማ በአንድ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ፣ ማህተሙ ብቻ ተለያይቶ ይቀርባል።

ማታ ቤት ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁ። እንጨቱን፣ ኮላውን፣ ሚስማሩን፣ የሠራተኞቼን የቀን ሥራ። ከገበያው በታች አወጣሁት። ለልጄ ትምህርት ቤት ነው ብዬ ትርፉን ቀንሻለሁ። ባለቤቴ ሻይ አቅርባ ወረቀቱን አየችው።

"ዋጋውን የሚያጸድቀው ማነው?" አለችኝ።

"ኮሚቴው።"

"አንተም አለህበት?"

"አለሁበት።"

"ዕቃውን የሚረከበውስ?"

ዝም አልኩ። እሱም እኛው ነን።

"ታዲያ እግሩ ቢነቃነቅ እኔ እናቷ ለማን ነው የምናገረው?"

ሌሊቱን አልተኛሁም። የጥቅም ግጭት፣ ማለትም የራስ ጥቅምና የተሰጠ ኃላፊነት መጋጨት፣ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው ሌባ ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እየተባለ ባደግንበት አገር አይገርምም። እኔ ግን ልሰርቅ አላሰብኩም። ዋጋዬም ጥሩ ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ወላጆች እኔን የመረጡት ዕቃ ሲበላሽ እንድናገርላቸው ነው። ሻጩ እኔው ከሆንኩ ትምህርት ቤቱ ተናጋሪውን አጣ። ርካሽ ዴስክ አገኘ፣ ተቆጣጣሪ ግን አጣ።

ሕጉ ምን እንደሚል ለማየት ሞከርኩ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 የጥቅም ግጭትን ያነሳል። የሚመለከተው ግን ተሿሚን፣ የምክር ቤት ተመራጭንና የመንግሥት ሠራተኛን ነው። እንደ እኔ ያለ፣ እጅ ወጥቶለት የገባ ወላጅ ስሙ እዚያ ውስጥ የለም። የ2007ቱ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ደግሞ የሕዝብ መዋጮ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችንም ይጨምራል፤ እድርን ግን ለይቶ አውጥቶታል። ይህችን ሳነብ አሰብኩ። ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ኮሚቴን የምንመራው እንደ እድር ነው። በመተዋወቅ፣ በይሉኝታ። እድር ላይ ድንኳን ያለው አባል ድንኳኑን ቢያከራይ ማንም አይከፋም። የትምህርት ቤቱ ድጎማ ግን የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ዴስኩ ላይ የሚቀመጡትም ልጆች ናቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ። "የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፣ ስለዚህ በዴስኩ ጉዳይ አልወስንም፣ ሥራውንም አልወስድም። ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍልኝ" አልኩ። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆየሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጠሩኝ። ሥራው ለሌላ ቤት ተሰጠ፣ ከእኔ ዋጋ ከፍ ባለ። አንድ አባት አኩርፈውኝ ነበር። "ልጃችን እያለ ለባዳ?" አሉ። እውነት ለመናገር ተሰማኝ። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ነበር።

ዴስኩ ሲመጣ ርክክቡ ላይ እንድገኝ ተጠየቅኩ። እያንዳንዱን ገለበጥኩት። 11ዱ እግራቸው ኮላ አልነካውም፣ በሚስማር ብቻ ነው የተያዘው። አንዱን ተደግፌ ስገፋው ተንቋቋ። እንዲመለሱ አደረግን፤ ሠሪውም ሳያንገራግር አስተካክሎ አመጣ። የእኔ ሥራ ቢሆን ኖሮ ያንን ዴስክ ማን ይገለብጠው ነበር?

ከዚያ ወዲህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርባት አንዲት ገጽ ጽፌያለሁ። ለመመረጥ ልጅህ እዚያው ትምህርት ቤት እየተማረ መሆን አለበት፤ ልጁ ሲወጣ አባልነቱም ያበቃል። ልጃቸው ከወጣ ሁለት ዓመት ያለፋቸው አባል አሉን፤ ሰውየው ደግ ናቸው፣ ግን ዛሬ የማን ወላጅ ናቸው? ተወዳዳሪ ከመመረጡ በፊት ምን እንደሚነግድና በትምህርት ቤቱ ውስጥ ማን ዘመድ እንዳለው በጉባኤው ፊት ይናገር። የመምህር ጉዳይ ሲታይ ባል ወይም ሚስት፣ ወንድም ወይም እህት የሆነ አባል አይቀመጥ። ፕሮፎርማ የሚሰበስበው ሰው ሌላ፣ ዕቃ የሚረከበው ሌላ ይሁን።

ነጋዴ አይመረጥ የሚል ሐሳብ የሰነዘሩ አሉ። በዚህ አልስማማም። ጅማ ውስጥ ነጋዴውን፣ ባለ ባጃጁን፣ የመምህር ዘመዱን ሁሉ ካስወጣን አዳራሹ ባዶ ይቀራል። እንጨት የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ እነዚያን 11 ዴስኮች ማን ይለያቸው ነበር?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ መርካቶ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ያላት አንዲት ወላጅ ደወለችልኝ። ልትወዳደር ፈልጋ፣ በሱቋ ምክንያት ፈርታ ነው።

"ተወዳደሪ" አልኳት። "ሱቁን ግን ከምርጫው በፊት ተናገሪ። ደብተር የሚገዛበት ቀን ደግሞ ከክፍሉ ትወጫለሽ።"

ትንሽ አሰበች። "የእኔን ደብተርም አይገዙም ማለት ነው?"

"አባል እስከሆንሽ ድረስ አይገዙም።"

"እስቲ ከባሌ ጋር ልማከር" አለችኝ። መልሷን እየጠበቅኩ ነው።