575 ይዤ አመለከትኩ

ጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) 575 ነው ያመጣሁት። የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልገላገለው። ያሰብኳቸው ትምህርት ቤቶች የሚያወጡት የገቡ ተማሪዎች አማካይ ከዚህ በደንብ ይበልጣል፤ "ትንሽ ነው የጎደለኝ" ብዬ ራሴን የምሸነግልበት ርቀት አይደለም።

እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ከስንት?" ብላ ነው። ከ805 ስላት "ታዲያ አለፍሽ አይደል እንዴ!" ብላ እልልታዋን ልታቀልጠው ምንም አልቀራት። ፈተናው ከዜሮ ሳይሆን ከ205 እንደሚጀምር፣ ማለፊያ ነጥብ የሚባል ነገር እንደሌለው፣ የተፈታኙ ሁሉ አማካይ 550 አካባቢ እንደሆነ አስረዳኋት። "እና ከሰው በላይ ነሻ!" አለችኝ። በሒሳቡ ልክ ናት።

እኔ ግን ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ሳየው የመጣብኝ የማትሪክ ስሜት ነው። እኛ አገር ፈተና ማለት ያው ታውቁታላችሁ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀረው ሕዝብ የሕይወት ታሪክ በአንድ ቁጥር ተዘጋ። እንዲህ ያደገ ሰው ውጤት ሲያይ አለቀልኝ ወይስ ተረፍኩ ብሎ ነው የሚያነበው። የቢዝነስ ትምህርት ቤት ቅበላ እንደዚያ አይሠራም። ስኮሩን ከሥራ ልምዱ፣ ከኢሴው (አመልካቹ ከሚጽፈው ድርሰት)፣ ከሪኮመንዴሽኑ (ከአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ)፣ ከኢንተርቪው ጋር አንድ ላይ ነው የሚያዩት። ብዙዎቹ ደግሞ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የገቡት ሰዎች ከምን እስከ ምን እንዳመጡ ያወጣሉ። የታችኛውን ጫፍ ተመልከቱ፤ እሱን ያመጣ ሰው ገብቷል ማለት ነው።

ሰው የሚያስደነግጥ ሌላ ነገርም አለ። ቴሌግራም ግሩፖቹ ውስጥ እስካሁን "700 ያላመጣ አይድከም" የሚል አይጠፋም። ያ የድሮው ጂማት ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ላይ ቀርቷል። በአሁኑ ስሌት የድሮው 700 ማለት 645 ገደማ ነው። ለመለየት ቀላል ነው፦ የድሮው ስኮር በ0 ያልቃል፣ የአሁኑ በ5። በ0 የሚያልቅ ቁጥር እየጠራ የሚመክራችሁን ሰው ስለ ሌላ ፈተና እያወራ ነውና በትህትና እለፉት። (645ም ቢሆን የለኝም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ወደ ታች የጎተተኝ ዳታ ኢንሳይትስ የሚባለው፣ ከሠንጠረዥና ከጽሑፍ መረጃ እያነበቡ የሚመልሱበት ክፍል ነው። ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እንጀራዬ ዳታ ነው። ሰንጋ ተራ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ባንክ ውስጥ የክሬዲት አናሊስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ባላንስ ሺት ሳነብ ነው የምውለው። አንድ ነጋዴ ለገቢዎች አንድ፣ ለባንክ አንድ፣ ለራሱ ደግሞ በደብተር የያዘው አንድ ሒሳብ እንዳለው አውቃለሁ፤ የሥራዬ ግማሽ ሦስቱ የት እንደሚለያዩ መፈለግ ነው። የስቶኩ ቁጥር ከሽያጩ ጋር አልሄድ ካለኝ መጋዘኑ ድረስ ሄጄ ጆንያ እቆጥራለሁ። ጂማት ላይ ግን 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ከሩብ። ሦስት ገጽ ኢሜይልና ሠንጠረዥ ይሰጧችኋል፣ ገጽ እየቀያየራችሁ ታነባላችሁ፣ ቁጥሩ አልገጥም ሲል ትታችሁ መሄድ አለባችሁ። ባንክ ውስጥ አልገጥም ያለ ቁጥር ትቶ የሄደ ሰው ደብዳቤ ይጻፍበታል። ስለዚህ ፈተናው የዳታ ችሎታዬን ለካ ብዬ አላምንም። ለማን አቤት ይባላል?

መድገም ይቻላል። 16 ቀን ጠብቆ እንደገና መቀመጥ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ ይፈቀዳል፣ ትምህርት ቤቱም እናንተ ያልላካችሁትን ስኮር አያይም። ግን ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 እንዳለፈ ደመወዜ አብሮት አልሄደም። የጥር ማመልከቻ ቀንም እየደረሰ ነበር። ሃያ ሠላሳ ነጥብ ለመጨመር ማታ ማታዬን ከማቃጥል ሌላውን ፋይሌን ላሳምር ብዬ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ኢሴ እጽፋለሁ። ስለ ስኮር ማብራሪያ የሚጻፍበት ኦፕሽናል ኢሴ የሚባል አለ። መጀመሪያ የጻፍኩት እሮሮ ነበር፦ መብራት ጠፋ፣ ሥራ በዛ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ሳነበው የብድር ተበዳሪ ደብዳቤ መሰለኝ። እኔ ራሴ እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ምን እንደምል ስለማውቅ አጠፋሁት። በምትኩ ኳንቱ (የፈተናው የሒሳብ ክፍል) ላይ ያመጣሁትን ጠቆም አድርጌ፣ ስለ አንድ የቡና ላኪ የብድር ፋይል ጻፍኩ፦ ዶላሩ ሲዘል የመክፈል አቅሙን እንዴት እንደገና እንዳሰላሁት። ጉራውም ልመናውም ቀረ።

ከሁሉም የከበደኝ ሪኮመንዴሽኑ ነው። ፎርሙ አለቃዬን "ለአመልካቿ የሰጡት ዋነኛው ገንቢ አስተያየት ምን ነበር? እንዴትስ ተቀበለችው?" ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ጉድለትሽን ጽፌ ላስከለክልሽ ነው?"

"ጋሼ፣ ካልጻፉ ነው የሚከለክሉኝ።"

"ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሥራዋን አክባሪ ብለን ብንዘጋውስ?"

እዚህ አገር የድጋፍ ደብዳቤ እንደዚያ ነው፤ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ስም ብቻ እየተቀየረ ይዞራል። ብዙ አግባባኋቸው። የብድር ኮሚቴ ፊት ድምፄ አይሰማም ነበር፤ ወረቀቱን አሳምሬ አቀርብና ጥያቄ ሲመጣ አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ቀን ቢሯቸው ጠርተው "ፋይሉን የሠራሽው አንቺ፣ የሚከራከርልሽ እኔ፤ እስከ መቼ?" ብለውኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔው መከራከር ጀመርኩ፤ አንዴም እሳቸው የደገፉትን ብድር ተቃውሜ ኮሚቴው ከእኔ ጋር ቆሟል። ይህን ሳስታውሳቸው ሳቁ። "እሱንማ እጽፈዋለሁ፤ እስካሁን ያናድደኛል" አሉ።

ምን እንደጻፉ አላየሁም፤ በሕጉም ማየት የለብኝም። ኦንላይን ከላኩ በኋላ "ማህተሙስ የት ላይ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ማህተም እንደማያስፈልግ ብነግራቸውም አላመኑኝም። በማግስቱ "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል፣ ታታሪነቴንና ታማኝነቴን የሚመሰክር፣ ክብ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ለቪዛም ቢሆን አይጠፋም ብለዋል።