ብሎኑ መቼ ይጠበቅ?

የጋራዣችን የዕቃ ክፍል ሠራተኛ አንዲት አሮጌ መኪና አለችው። እኛ ጋ አያስነካትም፤ ቤቱ ራሱ ይፈታታታል። "ለእጅ ዋጋ የማወጣውን ለዕቃ ላድርገው" ይላል። አይፈረድበትም። ቡሽ (የብረት መገጣጠሚያ ላይ የሚገባ የላስቲክ ቀለበት) ለመቀየር ብዙ ጊዜ ከዕቃው ይልቅ ልፋቱ ነው የሚያስከፍለው።

የፊት ኮንትሮል አርሞቿን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች፣ ቡሽ ቀይሮ ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ጉብታ ላይ ጓ ማለት ጀመረች። ፍሬን ሲይዝም ወደ አንድ ጎን ትጎትተዋለች። እሱ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። "ርካሽ ዕቃ ገዝቼ ተበላሁ" አለ። ግማሹ ጋራዥ ተስማማ።

አለቃችን ግን አልተዋጠላቸውም። ቡሹን አስወጥተው አገላበጡት። ላስቲኩ ገና አልደረቀም፤ የታተመበት ቁጥር እንኳ ይነበባል። የተቀደደው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

"የቡሹን ብሎን ያጠበቅኸው መኪናዋ ተሰቅላ ነው አይደል?"

"አዎ ጋሼ። ታዲያ መሬት ላይ ሆና በየት በኩል ልግባ?"

አለቃችን መልስ አልሰጡትም። ቡሹ ወዳልተቀደደው የመኪናዋ ጎን ዞሩ። ክንዱ እንደተንጠለጠለ፣ ከቡሹ የመሃል ብረት እስከ ውጪው ቀለበት በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ክንዱን ከሥር በክሪክ አስነሡት። መስመሩ ላስቲኩ ላይ ሲጣመም ሁላችንም አየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ ቡሽ እንደ ማጠፊያ አይሽከረከርም። ላስቲኩ ከውስጡም ከውጪውም ብረት ጋር ተያይዟል። ብሎኑ ሲጠብቅ የመሃሉ ብረት ካለበት አይነቃነቅም፤ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። ተሰቅላ ካጠበቅክ፣ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማ ስታድር እንኳ አያርፍም። በዚያ ላይ ኮረኮንች ሲጨመርበት ይቀደዳል። የፖሊዩሬቴን (ከላስቲክ የጠነከረ ፕላስቲክ) ቡሽ አብዛኛውን ጊዜ በመሃሉ ብረት ላይ ስለሚዞር ይህ ጣጣ የለበትም።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው መፍትሔው ሜትር ብቻ ነው። ከመፍታትህ በፊት፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ትለካለህ። አዲሱን ስትገጥም ብሎኖቹን በእጅ ብቻ ታስይዛለህ። ክንዱን በክሪክ እዚያው ልክ ድረስ ታነሣና በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ታጠብቃለህ። መኪናዋ ከብረት መቆሚያው መነሣት ከጀመረች ግን ወዲያው አቁም! ቀላል መኪናዎች ላይ ያጋጥማል። ያኔ ጎማዎቹን ወፍራም ጣውላ ላይ አሳርፎ፣ ክብደቷ በእግሯ ላይ ሳለ ማጥበቅ ይሻላል። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር መግባት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ልጁ ሁለቱንም ጎን እንደገና ቀየረ። የገዛው ያንኑ ርካሽ ቡሽ ነው፤ ጓ ማለቷም ቀረ። አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከሉን) ግን በሲባጎ ቤቴ እሞክራለሁ ሲል፣ አለቃችን ምንም ሳይናገሩ ወደ ማሽኑ ጠቆሙት።