እስከ አንገት

ዛሬ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነከርኩ። አርባ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በፊት ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም ነበር።

አሰልጣኟ ለጋ ወጣት ናት። የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጄ አስያዘችኝና አየር ስቤ ጎንበስ እንድል፣ በአፍንጫዬ ቀስ እያልኩ እንዳስወጣ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ። የአዳራሹ ጫጫታ በአንዴ ጠፋ፤ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ። ሦስት ቆጥሬ ቀና ስል ልጄ ከወዲያ ማዶ ሁለት እጇን አንስታ ታጨበጭባለች።

የምንኖረው የሎውናይፍ ነው፤ የካናዳ ሰሜን፣ 20,000 ያህል ሰው ያለባት ከተማ። ባለቤቴ ቀድሞኝ መጥቶ ታክሲ ይነዳል፤ እዚህ ታክሲ ላይ ብዙ ሐበሻና ሶማሌ አለ። እኔ ልጄን ይዤ የደረስኩት በኅዳር ነበር። ያ የመጀመሪያው ዊንተር (ክረምት ማለት ለእኔ አሁንም ዝናብ ነው፣ ስለዚህ ዊንተር ልበለው) ሊሰብረኝ ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ አራት ሰዓት አካባቢ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ የዓይን ሽፋሽፍት ላይ በረዶ ይሠራል። ግን ብርዱን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሚጠራኝ ሰው ማጣቱን ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሳለሁ ቡና ሲቆላ ሽታው ራሱ ይጠራ ነበር፤ አንዷ በአጥር ላይ ስሜን ካልጠራች ሌላዋ ትጠራለች። እዚህ በሬን የሚያንኳኳ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ጋቢ ለብሼ ሶፋ ላይ ነበርኩ።

በጥር አንድ ቀን፣ ከእኔ ብዙ ቀድማ የመጣች፣ እንደ ታላቅ እህቴ የማያት የጎንደር ሰው መጣች። ሰላምታ እንኳ ሳታስረዝም «ተነሺ፤ ስኒከርሽን በፌስታል አድርጊና ነይ» አለችኝ። የወሰደችኝ ፊልድሃውስ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ውስጥ ስፖርት ቦታ። በሩ ላይ ቦት ጫማችንን አውልቀን፣ ስኒከር አድርገን፣ ወደ ላይ ወጣን። ከታች ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ሜዳዎች ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ከላይ ዙሪያውን የመራመጃ መም አለ። ሰው ይዞራል፤ ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር፣ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ከሥራ የወጡ የፊሊፒንስ ሴቶች እየተሳሳቁ። እኛም ገብተን ዞርን። ጃኬት የለም፣ ጓንት የለም። ያን ቀን ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ላበኝ።

ከዚያ ብቻዬንም መሄድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ቀርቼ በማግሥቱ ስመጣ፣ ዘወትር በአንገቱ ሰላም የሚለኝ ሽማግሌ ቆም ብሎ «ትናንት የት ነበርሽ?» አለኝ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለባለቤቴ ነገርኩት። መቅረቴን ያወቀ ሰው አለ!

ስለ ሐይቁም ልጻፍ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም። መሃል ከተማውን ተጠግቶ ፍሬም ሌክ አለ። ዙሪያውን መንገድ አለው፤ አንዳንዱ ቦታ አስፋልት፣ አንዳንዱ ቋጥኝ ላይ የሚወጣ። በሰኔ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንኳ ብርሃን ስለሆነ ከእራት በኋላ ነው የምንሄደው። ዳሩ ላይ ሶምባ ኬ የሚባል መናፈሻ አለ፤ በትሊቾ ቋንቋ (ትሊቾ ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው) የከተማዋ ስም ነው፣ «ገንዘብ ያለበት» ማለት። ገንዘቡ ወርቅ ነበር። ጃይንት የሚባለው የማዕድን ማውጫ ከ1948 እስከ 2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ወርቅ ሲያወጣ ድንጋዩ ሲቃጠል አርሴኒክ የሚባል መርዝ ያለበት ጭስ ለዓመታት በአካባቢው ላይ ወርዷል። 237,000 ቶን የአርሴኒክ ዱቄት ዛሬም ከመሬት በታች አለ። ስለዚህ በፍሬም ሌክ አትዋኙ፣ ዓሣ አታጥምዱ ይባላል። ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ እግሯን ልትነክር ሮጣ ስይዛት የጮኸችው ጩኸት አሁንም ይሰማኛል። ያን የሚያህል ውሃ አጠገብሽ ሆኖ መንካት አለመቻል! እነዚያ ከወርቁ ያተረፉት ዛሬ እዚህ የሉም፤ በቦታው የቀረው ሕዝቡና ዱቄቱ ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ለዚህ ነው የመዋኛ ገንዳው ነገር ለእኔ ትርፍ ነገር የማይሆነው። አሮጌው በ1988 የተከፈተ ነበር። በ2021 ከተማው ለአዲስ ገንዳ መበደር ይፈቀድልኝ ወይ ብሎ ነዋሪውን በድምፅ ጠየቀ፣ ነዋሪው ፈቀደ፣ በ2025 ተከፈተ። ውድ ነው፣ ግብር ይጨምራል ያሉ ነበሩ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ስድስት ወር በረዶ በሆነ አገር፣ ሐይቁ በተመረዘ ከተማ፣ ልጅ መዋኘት የት ይማር?

በነሐሴ 2023 በሰደድ እሳት ምክንያት ከተማው በሙሉ እንዲወጣ ሲታዘዝ ኤድመንተን ከተማ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተናል። የተመለስን ቀን ሻንጣ እንኳ ሳንፈታ ልጄ ወደ ሐይቁ እንሂድ አለች። በሐይቁ ዳር ያለው የእንጨት መረማመጃ ነበር፣ ቋጥኙም ነበር፣ ጭስ ጭስ ይላል እንጂ ሁሉም ነበር። የማናውቃቸው ሰዎች ሲያልፉ «መጣችሁ?» ይሉናል፤ «መጣን፣ እናንተስ?» እንላለን።

በጋ ሲሆን መዋኘት የሚቻለው ሎንግ ሌክ ነው፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አሸዋ ያለው። በየዓመቱ እሷ ትዋኛለች፣ እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ፎጣና ጫማ እጠብቃለሁ። ዛሬ ከገንዳው ስንወጣ ፀጉሯን እያደራረቅኩላት «ሐምሌ ላይ እኔም እገባለሁ፣ እስከ ደረቴ» አልኳት።

«እስከ አንገትሽ» አለች።

ተከራክረን ተከራክረን መኪና ውስጥ ስንገባ እስከ አንገቴ ሆነ።