ቦስ የሌለው ፊልም

ባለፈው እሁድ ባቄላው ተንቀሳቀሰ። ባቄላው እሁድ እሁድ የትዳር ፊልም የማሳያቸው ጎረቤቶቼ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚፈርዱበት ድምፅ ነው። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። እኔ ግን ሰባት ወር ስጠብቀው ስለነበር ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ተነስቼ መጻፍ ጀመርኩ። እንደ እኔ ጎረቤት ሰብስባችሁ ፊልም የምታሳዩ ካላችሁ አንድ ሁለት ነገር ታገኙበት ይሆናል። ካላገኛችሁም ትስቁብኛላችሁ።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እሁድ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የኋላው ክፍል ፊልም ቤት ይሆናል። መስኮቱን በብርድ ልብስ እንጋርዳለን። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ተቀምጠን መጋረጃ አንገዛም። ፕሮጀክተሩ ያገለገለ ነው፣ ስክሪኑ ግድግዳው ነው። መብራት ሲሄድ የፊልሙን ቀሪ በላፕቶፕ ተጠጋግተን እናያለን። በዚህ ብርድ መጠጋጋቱ አይጠላም። የሚመጡት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ታላቅ እህቴ፣ አንድ ባለ ባጃጅ ከነጓደኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጠላ የሚጠምቁት ጎረቤታችን እትዬ፣ እና በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጋጭ የሚጠሩት ጋሼ። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚገባው።

አክሽን አየን፣ ኮሜዲ አየን። ከዚያ እኔ ትዳራቸው የተናጋ ሰዎች ፊልም ላይ ሙጭጭ አልኩ። ለምን እንደሆነ ወደኋላ ይመጣል።

ችግሩ የታየው ያኔ ነው። እኛ ፊልም ማየት የተማርነው ቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ደግሞ አክተር አለ፣ ቦስ አለ። አክተሩ አይሞትም። ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል፤ እስኪሞት እየሰደብነው እንቆያለን። ሁለት ሰዎች ወጥ ቤት ቆመው «አልሰማኸኝም»፣ «መች ነገርሽኝ» የሚባባሉበት ፊልም ሲመጣ ግን ቦሱ ማን ነው? ማንም። ተመልካች ደግሞ ቦስ ካጣ ራሱ ይሾማል። እኛ ቤት ሹመቱ ብዙ ጊዜ ለሚስትየዋ ነው የሚደርሰው።

የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 «ፋታል አትራክሽን» የሚባል ፊልም ወጣ። ባለትዳሩ ሰውዬ ሚስቱ በሌለችበት ከሌላ ሴት ጋር ያድራል፣ ከዚያ ሊተዋት ሲል አልላቀቅ ትለዋለች። መጀመሪያ በተቀረጸው መጨረሻ ሴትየዋ ራሷን ታጠፋለች፤ ቢላው ላይ አሻራው ስላለ ፖሊስ እሱን ይይዘዋል። ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ግን አልረኩም። እሷ እንድትቀጣላቸው ፈለጉ። ተዋናይዋ ግሌን ክሎዝ ብትቃወምም መጨረሻው እንደገና ተቀረጸ፤ ሚስትየዋ በጥይት ገደለቻት። ትዳሩ ላይ የወሰለተው ሰውዬ እቤቱ ቀረ። ቦሱ ሞተ ማለት ነው።

«ብሬኪንግ ባድ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይም ያው ነው። ባልየው ዕፅ ያበስላል፣ ሰው ይገድላል። የተጠላችው «ምን እየሠራህ ነው?» ብላ የጠየቀችው ሚስቱ ናት። ሚስትየዋን ሆና የተጫወተችው አና ገን እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ስለዚሁ ጽፋለች። ጥላቻው ከገጸ ባህርይዋ አልፎ ራሷ ተዋናይዋ ጋ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ባቄላዬ።

«ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ድካም ነው። «አሪፍ ነው» ይሏችኋል፣ አለቀ። እጅ አውጡ ማለትም አይሠራም፤ ጋሼ ካወጡ ሁሉም ያወጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ባቄላና ሦስት አተር እሰጣለሁ። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አቆማለሁ፤ ሃያኛው ደቂቃ ላይ፣ መሀል ላይ፣ ሲያልቅ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «አሁን ጥፋቱ የማን ነው?» ባቄላ ለሚስት፣ አተር ለባል። ጨብጦ መጥቶ ጣሳ ውስጥ መጣል ነው። ማን ምን እንደጣለ አይታይም። እኔ እቆጥርና ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

አደራ፣ ጥሬ ይሁን። የመጀመሪያው ቀን የተቆላ ሰጥቼ መሀል ላይ ስንደርስ ድምፅ መስጫው ተበልቶ አልቋል።

ደብተሩ ለወራት የነገረኝ አንድ ነገር ነው። ሃያኛው ደቂቃ ላይ የወደቀው ቁጥርና መጨረሻ ላይ የወደቀው ቁጥር ያው ነው ማለት ይቻላል። ሰዉ በሃያ ደቂቃ ይፈርድና ቀሪውን ሰዓት ለፍርዱ ማስረጃ ሲለቅም ይቆያል። ሚስትየዋ ስታለቅስ «አስመሳይ!»፣ ባልየው ሲያለቅስ «ውይ፣ ምስኪን»። ያው እንባ።

ያልሞከርኩት የለም። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት «እሷንም ለመረዳት ሞክሩ» ብዬ ንግግር አደረግኩ። የባሰ ሆነ። ጠበቃ አቆምክላት አሉኝ። በየማቆሚያው ክርክር ከፈትኩ። ጋሼ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ፤ ሽምግልናው ሳያልቅ መሸ፣ ፊልሙም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳንጨርስ ክርክር ክልክል ነው። ይሄን ደንብ አጥብቃችሁ ያዙ።

ትንሽ የረዳኝ ማንበብ ነው። መሬይ ስሚዝ የሚባል የፊልም ምሁር ሁለት ነገር ይለያል። ፊልሙ ማንን እንድንከተል አደረገን፣ የማንን ነገር ከውስጥ አሳየን የሚለው አንድ ነው። ከማን ጋር ወገንን የሚለው ሌላ ነው። እኔ ይሄን ወደ እኛ ቤት ቋንቋ አመጣሁትና መቁጠር ጀመርኩ። ይህችን ሴት ማንም በማያያት ጊዜ፣ ብቻዋን ሆና፣ ስንት ጊዜ አየናት?

«ክሬመር ቨርሰስ ክሬመር» ላይ ሞከርኩት። እ.ኤ.አ. የ1979 ፊልም ነው፣ አምስት ኦስካር ወስዷል። ሚስትየዋ ገና ከመጀመሩ ባሏንና ትንሽ ልጇን ትታ ትወጣለች፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ የለችም። እኛ ከአባትና ከልጅ ጋር እንቀራለን። አባትየው ለልጁ ዳቦ በእንቁላል ሊጠብስ ሲታገልና መጥበሻው ሲፈጀው እናያለን። እሷ በዚያው ወጥ ቤት ያሳለፈቻቸውን ዓመታት አላየንም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስትመለስ፣ ከልጁ ትምህርት ቤት ትይዩ ካለ ካፌ መስታወት ጀርባ ሆና ልጇን ስታይ እናገኛታለን። ብቻዋን፣ ለጥቂት ሰከንድ። ባለ ባጃጁ «እንደ ሌባ!» አለ። ጣሳው ባቄላ ሆነ።

ሚስትየዋን ሆና የተጫወተችው ሜሪል ስትሪፕ ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ የገባት ይመስለኛል። ሴትየዋ ክፉ ብቻ ሆና እንዳትቀር ተከራክራ፣ ፍርድ ቤት ቆማ የምትናገረውን ራሷ ጻፈችው። እኛ ቤት ከዚያ ንግግር በኋላ ወደ አተር የዞረው አንድ ሰው ነው። በምስጢር ነው የሚጣለው ብያለሁ፤ ግን እህቴ መሆኗን አውቃለሁ።

ስለዚህ መልሱን አገኘሁ ብዬ ነበር። ሰው የሚጠላው ብቻዋን ያላያትን ነው። ደስ ብሎኝ ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፍኩት። ከዚያ «ኤ ሴፓሬሽን» መጣና አበላሸው።

ይሄ የኢራናዊው የአስጋር ፋርሃዲ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፣ በዓመቱ ኦስካር አገኘ። ሲከፈት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ እኛ እያዩ ይናገራሉ። ዳኛው ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን። ሁለቱንም እኩል እያየናቸው ነው፤ እሷን አላየናትም ማለት አይቻልም። ሚስትየዋ ለልጃችን ስንል ከአገር እንውጣ ትላለች። ባልየው የመርሳት በሽታ ያለበትን አባቴን ጥዬ የትም አልሄድም ይላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይሄን ለሽማግሌ ብታቀርቡ ፍርዱ የታወቀ ነው። ጧሪ ልጅ! ጥቅምት ላይ ስናየው ስምንት ባቄላ፣ አንድ አተር።

ባልየው ግን ንጹህ አይደለም። አባቱን እንድትጠብቅ የቀጠራት ነፍሰ ጡር ሴት አለች። ተቆጥቶ ከበር ገፍትሮ ያስወጣታል፣ ጽንሷ ይጨነግፋል፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። እርጉዝ መሆኗን አላውቅም ነበር ብሎ ይዋሻል። ያ ሁሉ ታይቶ መጨረሻም ስምንት ባቄላ፣ አንድ አተር። «ውሸቱ ለልጁ ሲል ነው» አሉ። ሚስትየዋ ምን አጠፋች? «አነጋገሯ!» አሉኝ። እትዬም፣ ተማሪዎቹም። አነጋገሯ ያናድዳል።

ይቺን ቃል ለሁለት ሳምንት ተሸክሜያት ዞርኩ። ምክንያቱም ፊልሙ በፋርስኛ ነው። እነሱ የሰሙት የእሷን አነጋገር አይደለም። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በአማርኛ እያነበብኩ የማሰማቸው እኔ ነኝ።

ክርክሩን ለደብተሬ ብዬ በስልክ እቀዳ ነበር። ስልኩ ፊልሙንም ከነንባቤ ቀድቶታል። አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ አዳመጥኩት። ባልየውን ሳነብ ረጋ ያልኩ ሰው ነኝ። ሚስትየዋ ጋ ስደርስ ድምፄን ቀጠን አደርጋለሁ። ቃሉን መጨረሻው ላይ እጎትተዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ትንፋሼን «እፍፍ» አድርጌ አስቀድማለሁ። ፊልሙ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ልጅ ሆኜ ትርጉም ፊልም ሳይ ተርጓሚው ከራሱ ቀልድና ስድብ ሲጨምር እስቅ ነበር። እኔ ስድብ አልጨመርኩም። ድምፅ ብቻ ነው የጨመርኩት። ቦሱን የሾምኩት እኔው ነኝ።

እህቴን ጠርቼ አሰማኋት። ዝም ብላ ሰማችና «ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ» አለችኝ።

እኔም አውቃታለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሻንጣዋን ይዛ ከቤቴ የወጣች ሴት ናት። እሷ ግን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ለሰው ሳወራ እንዲህ የማስመስላት እኔ ነኝ። የትዳር ፊልም ለምን እንደወደድኩ አሁን ገባችሁ።

ባለፈው እሁድ ያንኑ ፊልም ደገምነው። የሴቶቹን ሁሉ እህቴ አነበበች፣ የወንዶቹን እኔ። ማስመሰል ክልክል፤ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ብቻ። ሃያኛው ደቂቃ፣ ሰባት ባቄላ፣ ሁለት አተር። መሀል ላይ አምስት ለአራት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሲያልቅ ጣሳውን ገለበጥኩት፤ ባቄላ አምስት፣ አተር ስድስት። ሰው ዘጠኝ! ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት ሰው ሁለቱንም ጥሏል። ደንቡ አይፈቅድም። ግን ዝም አልኩ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ወዲያው ደስታዬን ቀዘቀዘችው። «ለሁለተኛ ጊዜ ስላየነው ቢሆንስ? በድምፁ መሆኑን በምን አወቅህ?» ልክ ናት። በምንም አላወቅሁም። ሌላ ያላየነው ፊልም ላይ እንደገና መሞከር አለበት። እሺ፣ ይሞከራል። የእሁዷን ደስታ ግን ማንም አይወስድብኝም።

እስካሁን ከተማርኩት ጥቂት ልበላችሁ፤ ቅደም ተከተል አትጠብቁ። ስልክ ላይ ፊልም በአሥር ደቂቃ ጨምቀው የሚተርኩትን አይታችሁ አትምጡ። «ይህች ክፉ ሴት» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ለትዳር ፊልም መርዝ ነው። ቢቻል አንባቢው አንድ ሰው አይሁን። ካልተቻለም ራሳችሁን ቅዱና ስሙት፤ ያማል፣ ግን ስሙት። «ሰውየው መጥፎ ስለሆነ ፊልሙ መጥፎ ነው» ለሚል ሰው መልስ ለመስጠት አትድከሙ። ቡና አፍሉለት።

ደግሞ ጥላቻን ሁሉ ስህተት ነው ብዬ እንዳልሄድ እትዬ አስተምረውኛል። ሐምሌ ላይ አንድ ፊልም ስናይ፣ ባልየው ሚስቱን ሰው ፊት እየሳቀ ያሳንሳታል። እትዬ ገና ባሥረኛው ደቂቃ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «ይሄን እቤቴ ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ፤ ደግሞ እዚህ ልየው?» ብለው ወጡ። ያኔ ደብተሬ ላይ «አልጨረሱም፣ አይቆጠርም» ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ሰርዤዋለሁ። በምን እንደምተካው ገና አላወቅሁም።

«ኤ ሴፓሬሽን» የሚያልቀው ልጅቷ ከአባቷና ከእናቷ ማንን እንደመረጠች ሳንሰማ ነው። እሁድ ግድግዳው ላይ የተዋንያኑ ስም መውረድ ሲጀምር ጋሼ ዞር ብለው «ማንን መረጠች?» አሉኝ።

«አይነግረንም፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቀጠሮ ይያዝለት» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሰው ወጥቶ አለቀ። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ሳወርድ ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንተስ የቱን ጣልክ?»

«እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሰባት ወር ሙሉ?»

መልስ አልሰጠሁም። ለሚመጣው እሁድ አሥር ሰው ብዬ ባቄላና አተሩን ለይቻለሁ።